ደኑ እርሻ ሲሆን አፈሩ ምን ይሆናል? የጌዴኦ ተራሮች ምስክርነት

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ቀና ብሎ ሲመለከት ተራሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ በደን የተሸፈኑ ይመስሉታል። ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ ወይም ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ደን ያለው ሁሉ የሰው እርሻ ሆኖ ያገኘዋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከእነርሱ በታች እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን፣ በመካከሉም ጎጆ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» በሚል ስያሜ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር።

ስለ ምዝገባው ብዙ ተነግሯል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ከእርሱ በታች ያለውን፣ ማለትም አፈሩን ነው። የተራራ ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን አፈሩ ምን ይሆናል? የጌዴኦ ገበሬም ደኑን እርሻ ካደረገው ብዙ ዘመን ሆኖት ሳለ አፈሩ እንደ ሌላው ተራራ ታጥቦ ያልሄደው ስለ ምን ነው? ይህስ ነገር እስከ መቼ ይቆያል? ኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተሰጠውን አደራ ሲነግረን መሥራትንና መጠበቅን አንድ ላይ አድርጎ ነው። ስለ መሥራቱ ገበሬው ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ስለ መጠበቁ ግን ሊቃውንተ አፈር ያጠኑትን ይዘን ብንነጋገር ይጠቅማል።

ከዛፉ ሥር ያለው

አበው ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ያስተምራሉ። ጤናማ አፈርን የመረመረ ሰው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው። የመልካም አፈር ግማሽ ያህሉ ብቻ ጠጣር ነገር ሲሆን የቀረው ግማሽ ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ከቀዳዳውም እኩሌታው ውኃን፣ እኩሌታው አየርን ይይዛል። ጠጣሩም ቢሆን ሁሉ ድንጋይ ወለድ አይደለም። ከመቶው አምስት ያህል የሚሆነው ሕይወት ካለው ነገር የመጣ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና የረቂቅ ነፍሳት ቅሪት ነው። ይህ ብስባሽ በእውነትም በዝግታ የሚነድ እሳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምድጃ ላይ ያለ እንጨት ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደሚነድ፣ በአፈር ውስጥም ባክቴሪያና ፈንገስ ብስባሹን በአየር እየታገዙ ቀስ ብለው ይበሉታል። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው።

በደን ውስጥ ይህ እሳት አይጠፋም፤ ማገዶውም አያልቅም። ዛፉ በየዓመቱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥሩም ይሞታል፤ ይተካልም። የምድር ትሎችና ምስጦች የወደቀውን ወደ ታች ያስገባሉ። ከብስባሹ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገርና የፈንገስ ክር አሸዋውን፣ ደለሉንና ሸክላውን አያይዞ ትናንሽ እንክብሎች ያደርጋል። የደን አፈር በእጅ ሲጨበጥ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በእንክብሎቹ መካከል ባሉት ቀዳዳዎች የክረምቱ ዝናብ ይሰርጋል። የሰረገውም በበጋ በምንጭነት ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አፈርን ከዝናብ የሚጠብቀው የዛፉ ቁመት አይደለም። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ከሰማይ ከሚወርደው ጠብታ ሊገዝፍ ይችላል፤ ከስምንትና ከአሥር ሜትር ከፍታ ሲወድቅም ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ጠብታውን የሚያበርደው ከዛፉ በታች ያለው ቁጥቋጦና ከሁሉ በታች የተነጠፈው ቅጠል ነው። በመሆኑም ከሥሩ ባዶ የሆነ ረጅም ዛፍ ከሩቅ ሲታይ ደን ይመስላል እንጂ ለአፈሩ የደንን ያህል አይጠቅመውም። ይህን ነጥብ ስለ ባሕር ዛፍ ስንናገር እንመለስበታለን።

ደኑ በተመነጠረ ማግሥት

ደን መንጥሮ የሚያርስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ምርት ያማረ ነው። ሰዎችን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ቅርንጫፉ ሲቃጠል አመዱ ፖታስየምና ካልሲየም ለአፈሩ ይሰጠዋል፤ የአፈሩንም አሲዳማነት ለጊዜው ይቀንሳል። ለብዙ ዘመን የተከማቸው ብስባሽም ማረሻ ገብቶት አየር ሲያገኝ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅንም ለሰብሉ ይለቀቃል። ገበሬው መሬቱ ለም ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን እየበላ ያለው ወለዱን ሳይሆን ዋናውን ነው። በዝግታ ይነድ የነበረው እሳት ነበልባል ሆኗል፤ ማገዶ የሚጨምር ዛፍ ደግሞ የለም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በብዙ አገር ተለክቷል። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በ74 ጽሑፎች ላይ የወጡ ልኬቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የተፈጥሮ ደን ወደ ሰብል እርሻ ሲለወጥ በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአማካይ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ካርቦን ስንል የብስባሹን መጠን የምንለካበት ነው። በአገራችንም ሙሉጌታ ለመኒህ የተባሉ ተመራማሪ በሙኔሳ ደን አካባቢ ከተመነጠሩ ጥቂት ዓመታት ብቻ ከሆናቸው ማሳዎች ጀምሮ 53 ዓመት እስከ ታረሱት ድረስ ያሉትን ጎን ለጎን አወዳድረው ነበር። ማሳው በዕድሜ እየገፋ በሄደ ቁጥር የላይኛው አፈር ካርቦንና ናይትሮጅን እየቀነሰ፣ አፈሩም እየታፈገ እንደሚሄድ አሳይተዋል። አፈር ታፈገ ማለት ቀዳዳው ጠፋ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ከጠፋ ደግሞ የወረደው ዝናብ መግቢያ አጥቶ በላዩ ላይ ይሮጣል።

ሩጫው አፈሩን ይዞ ነው። የስዊዘርላንዱ የመልክዐ ምድር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በኢትዮጵያ በተካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ላይ ተመሥርተው ያወጡት ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንደ ግምታቸው በደጋው ከሚታረስ መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ከደን መሬት የሚታጠበው ግን 1 ቶን ያህል ነው። 42 ቶን ሁለት ሲኖትራክ ገደማ ነው። በማሳው ላይ ሲታሰብ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዓይን አያየውም፤ ገበሬውም ቢሆን ዘንድሮና አምና ልዩነት አያስተውልም። በ25 ዓመት ግን አሥር ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው መሬት ስፋቱ ያው ቢሆንም የአፈሩ ጥልቀት በአንድ ጋት ቀንሷል ማለት ነው። የሚሄደውም የላይኛው ነው፤ ብስባሹም፣ ናይትሮጅኑም ያለው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው፣ አንዳንዴም በየዐውደ ምሕረቱ ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪዎች ምንጩን ሲመረምሩት በልኬት የተደገፈ ሆኖ አላገኙትም። ደን አልጠፋም ለማለት አይደለም፤ በብዙ ሥፍራ መጥፋቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን እውነትን ለማስተማር ያልተረጋገጠ ቁጥር አያስፈልገንም።

በጌዴኦና በአካባቢው ያለው ቀይ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጥልቅ ነው፤ ሥር በቀላሉ ይገባበታል፤ ቡናም ይወደዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን ያጠበው ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየም እየተለዩት ሄደው ብረትና አሉሚንየም በርክተውበታል። ቅላቱም ከብረቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ፎስፈረስን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለተክሉም በቀላሉ አይለቁም። ብስባሽ ሲኖር መያዣቸውን ያላላዋል፤ አሲዳማነቱንም ያለዝበዋል። ብስባሹ ሲያልቅ ግን ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ሳይቀር ከፊሉ በብረቱና በአሉሚንየሙ ተይዞ ይቀራል። ዛሬ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጎዳ መሆኑ ይነገራል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ግን በቶን የሚቆጠር ስለሆነ በአህያ ጀርባ እንጂ በመኪና ወደማይደረስበት ተራራ ማድረሱ ቀላል አይደለም።

የጌዴኦ ገበሬ ያደረገው

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። መሬቱ ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚወጣ ገደላማ ተዳፋት ነው። ዝናቡም በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 847 ሺህ ያህል ሰው ተቆጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ገደል፣ ኃይለኛ ዝናብና ይህን ያህል ሕዝብ በአንድነት ሲገኙ፣ ከላይ በጠቀስነው ሂሳብ ከሆነ ተራራው ከረጅም ጊዜ በፊት አጥንቱ በወጣ ነበር። አልወጣም።

ከእነርሱ ወገን የሆኑት ታደሰ ኪጴ ስለዚሁ የመሬት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በርእሱ «አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። የዘመኑን ቁጥር ተመራማሪዎች ይከራከሩበት። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን የጌዴኦ ሰው ደኑን እርሻ ያደረገው ደንነቱን ሳያሳጣው መሆኑ ነው።

ይህን ያደረገው እንዴት ነው? አንደኛ ነገር በሬ ጠምዶ አያርስም። ማሳውን በእጅ ይቆፍራል፤ ያውም እንሰት ወይም ቡና በሚተክልበት ሥፍራ ብቻ። አፈሩ በየዓመቱ ስለማይገለበጥ ያ ያልነው ዝግተኛ እሳት ወደ ነበልባል አይለወጥም። ዛፍንም ሲቆርጥ መርጦ ነው፤ የሚተክለውንም እንዲሁ። ብርብራ፣ ኮርችና ሳሳ ከባቄላና ከአተር ወገን ናቸው፤ በሥራቸው ላይ የሚያድሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ወደ አፈር ያስገባሉ። ብርብራን ብዙ ሰው የሚያውቀው ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ የሚያደነዝዝ በመሆኑ ነው፤ ለቡና ግን ቅጠሉ ማዳበሪያ ነው። ዋንዛ ደግሞ ሰፋፊ ቅጠሉን አራግፎ መሬቱን ያለብሳል፤ ኋላም ለጣውላ ይሆናል። በእነዚህ ማሳዎች የሚገኙትን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የቆጠሩት መሰለ ነጋሽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ 58 ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም 86 በመቶው አገር በቀል ናቸው። ይህ በጥብቅ ደን የተገኘ ቁጥር ቢሆን ባልደነቀን ነበር። የተገኘው ግን ሰው ከሚበላበት ማሳ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እንሰት አለ። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በማሳው ላይ ሰፊ ቅጠል አለ፤ ከቅጠሉም በታች የደረቀው ተንጠልጥሎ ወይም ወድቆ አፈሩን ይሸፍናል። ማሳው ባዶ ሆኖ ዝናብ የሚጠብቅበት አንድም ወር የለም። ከዚህ ጋር የሰሜኑን የጤፍ እርሻ እናስተያይ። የጤፍ ማሳ በተደጋጋሚ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ እርቃኑን ሆኖ የሚጠብቀው ልክ የሐምሌን ዝናብ ነው። ሌላም አለ። እንሰት ሲፋቅ ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ለሰው ይሆናል፤ ቅጠሉና ተረፈ ምርቱ ግን ከማሳው ብዙ አይርቅም። ከቤቱ ጓሮ ያለው እንሰትም የከብቱን ፍግና የምድጃውን አመድ ያገኛል። ከመሬቱ የተወሰደው ወደ መሬቱ ይመለሳል።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር አለ። ወደ ውጭ የሚላከው የቡናው ፍሬ ብቻ ሲሆን ከአፈሩ ይዞ የሚሄደው ብዙ አይደለም። ከቀይ ቡናው ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ልጣጩ ነው፤ ፖታስየምም የሚበዛው በእርሱ ውስጥ ነው። ቡናው በገበሬው ደጅ በጀንፈል ሲደርቅ ገለፈቱ በአቅራቢያው ይቀራል። በመፈልፈያ ጣቢያ ሲታጠብ ግን የብዙ መቶ ማሳ ልጣጭ በአንድ ሥፍራ ይከመራል። የከመረው ሰው የሚመልሰው ከሌለ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ያሸተዋል፤ ለከብትም ለሰውም አይጠጣም። በጥቅምትና በኅዳር በእነዚህ ወንዞች ዳር ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ይህ ከማሳው የወጣ ፖታስየም ነው። ልጣጩ ትኩሱን ቢበተን ተክል ስለሚጎዳ አስቀድሞ ከፍግና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ለወራት መብላላት አለበት። ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ጣቢያውና ገበሬው ተስማምተው ማጓጓዣውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ቢወስኑ የሚሆን ነው።

አሁን እየሆነ ያለው

ማሳው ለልጆች ሲከፋፈል ቆይቶ ዛሬ ብዙው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር በታች ባለ መሬት ላይ ነው። ቡና ገንዘብ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዋጋውም የሚወሰነው ከባሕር ማዶ ነው። ጫት ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በዕለቱ ይገኛል። ስለዚህ በተለይ በዝቅተኛውና በመካከለኛው ከፍታ ባሉ ቀበሌዎች ጥላውን ቆርጦ ጫት የሚተክል ሰው በዝቷል። በደጋው ደግሞ እንሰት ተነቅሎ በቦታው ገብስ ይዘራል፤ ወይም ባሕር ዛፍ ይተከላል።

ስለ ጫት ሱስ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን ስለ አፈሩ ብቻ እንናገር። ለእውነት መናገር ካስፈለገ ጫት በየዓመቱ የሚታረስ ስላልሆነ በገደል ላይ ከበቆሎ ይሻላል። ክፋቱ ሌላ ነው። በቡናና በእንሰት ማሳ ቅጠል ወደ መሬት የሚወድቅ ነገር ነው፤ በጫት ማሳ ግን ቅጠሉ ራሱ ሸቀጥ ነው፤ ታስሮ ወደ ገበያ ይሄዳል። ፀሐይ ስለሚፈልግ ጥላው ይቆረጥለታል፤ ከሥሩም ያለው አረም ሁሉ ይጠረጋል። አፈሩ በየወሩ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ባሕር ዛፍን በተመለከተ ደግሞ እንደ ጠላት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ማገዶና ማገር ከእርሱ ባይገኝ ኖሮ ወይራውና ዝግባው ከዚህ በፈጠነ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ እምብዛም ነገር ስለማይበቅልና ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ፣ ከላይ እንዳልነው ጠብታው በባዶ አፈር ላይ ይወድቃል። ከምንጭ ዳርና ከገደል መራቅ አለበት፤ ቦታው ሜዳና የተራቆተ መሬት ነው።

ጥላውን የቆረጠ አባት ሰነፍ ወይም ስግብግብ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ በየወሩ የሚከፍለው ግን እርሱ እንጂ ፈራጁ አይደለም። «ዛፍ አትቁረጥ» የሚለው ምክር ሊሰማ የሚችለው ዛፉን በማቆየቱ የሚያገኘው ነገር አብሮ ሲመጣ ነው። በጥላ ሥር የበቀለው የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ ተጠርቶ በልዩ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑ ለዚህ መነሻ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከዚያ ልዩ ዋጋ ወደ ገበሬው እጅ የሚደርሰው ማነሱ ላይ ነው።

የሚያሳስበው ደግሞ ተዳፋቱ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። የአንድን ናዳ መንሥኤ በአንድ ነገር ብቻ መደምደም አይገባም። ነገር ግን የዛፍ ሥር በተዳፋት ላይ የአፈሩን ንብርብር እንደ ስፌት አያይዞ እንደሚይዝ፣ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ሥሩ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ በስብሶ መያዣው እንደሚላላ የታወቀ ነው። የጌዴኦ ተዳፋትም ቤትና ሰው የበዛበት ነው።

በቅጥሩ ውስጥ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ እርሻ በከበበው ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቆመው የሚታዩት ደኖች የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ሥራቸውን ከጨረሱ ወዲህ በዓለም ታውቀዋል፤ ከብት እንዳይገባባቸውም የድንጋይ ካብ የተሠራላቸው አሉ። ከካቡ ውስጥና ከካቡ ውጭ ያለው አፈር ከአንድ ድንጋይ የተገኘ፣ አንድ ዝናብ የሚወርድበት ነው። የሚለያያቸው አያያዛቸው ብቻ ነው። በጌዴኦም የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደ ባህላዊ እምነታቸው የሚጠብቋቸው፣ መጥረቢያ የማይገባባቸው ደኖች አሉ፤ ዩኔስኮም በምዝገባው ጠቅሷቸዋል። እምነታቸው ከእኛ የተለየ ነው፤ አፈሩን በመጠበቃቸው ግን ልናከብራቸው ይገባል።

የደቡቡ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ በዕድሜም የሰሜኑን አያህልም። ይሁን እንጂ በጠባቡም ቅጥር የሚደረግ አለ። ለበዓለ ንግሥ ዋዜማ ግቢውን ጠርገን የተሰበሰበውን ቅጠል በአንድ ጥግ የምናቃጥለው ነገር በእኔ አስተያየት መቅረት አለበት። መጥረጉ መልካም ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ማቃጠሉ ግን ለምን? ቅጠሉ በዛፎቹ ግርጌ ቢከመር ወይም በጉድጓድ ቢብላላ ለሚቀጥለው ዓመት ችግኝ ይሆናል። ለሕንፃ ማሠሪያ ተብሎ አገር በቀሉ ተቆርጦ በቦታው ባሕር ዛፍ የሚተከልበትንም ልማድ ሰበካ ጉባኤያት ቢመረምሩት መልካም ነው። ለደጋው ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ፣ ለወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብርብራና ወይራ አሉልን።

የተጎዳ አፈር መመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። በትግራይ ከከብት ንክኪ የተከለሉ ተራሮች ከዓመታት በኋላ ብስባሻቸውና ናይትሮጅናቸው መጨመሩ በልኬት ታይቷል። ታጥቦ የሄደው ጥልቀት ግን በሰው ዕድሜ አይመለስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ገና ያልታጠበው ነው።

የራሱን መሬት ሁኔታ ማወቅ የሚወድ ገበሬ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቤተ ሙከራ ሳይሄዱ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ፈተና አለ። ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ ጣሳ ይፈለጋል፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ግርጌው ቢቆረጥ ይበቃል። ሦስት ቦታዎች ይመረጡ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር፣ ሁለተኛው በቡናና እንሰት ማሳ፣ ሦስተኛው ጥላው በተቆረጠበት ወይም በሚታረስ መሬት። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ቦታ ጣሳውን ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈሩ አስገብቶ እኩል ውኃ መጨመርና እስኪሰርግ ድረስ ያለውን ደቂቃ በሰዓት መቁጠር ነው። የመጀመሪያው ውኃ ሁልጊዜ ፈጥኖ ስለሚሰርግ ፈተናው የሚታመነው በሁለተኛው ጣሳ ነው። ከዚያም በዚያው ቦታ በአካፋ አንድ ጋት ቆፍሮ የአፈሩን ቀለም፣ ፍርፋሪውንና የምድር ትሎቹን ቁጥር መመልከት ይቻላል። የሦስቱ ቦታዎች ደቂቃና የትል ቁጥር በወረቀት ተጽፎ፣ ቀኑም ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ በዚያው ወቅት በድጋሚ ቢለካ ማሳው ወደ የትኛው እየሄደ እንደ ሆነ ይታያል።